የእትዬ ሣህሊቱ ሞክሼ

ነገሩ የተነሣው በአንዲት ድስት ነው።

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ የምትሸጠው ዶርካስ የጾም ምግብም ልትጨምር አሰበችና መስኮቷ ላይ የምትለጥፈው የድስት ሥዕል አስፈለጋት። ኮምፒውተር የሚያወጣው አላማራትም። "እኔው ራሴ እሠራዋለሁ" ብላ ካርቶን ላይ ተደፋች። እውነት ለመናገር የወጣላት ነገር ድስት ከሚባል ጆሮ ያበቀለ ድንች ቢባል ይቀል ነበር።

እትዬ ሣህሊቱ ከመደርደሪያው ጥግ ካለችው ወንበራቸው ሆነው ያያሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ልጃቸው እየሩስ ከዌስት አዳምስ በመኪና አምጥታ እዚህ ትተዋቸው ወደ ፓሳዴና፣ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ትወስዳቸዋለች። የሰፈሩ ሰው ስለ እሳቸው የሚያውቀው ይህን ነው፦ የነርሷ የእየሩስ እናት ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳውንታውን ባለ መኪና ማቆሚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ሲቆርጡ ኖረዋል፤ ነገር አያመጡም፣ ነገር አይወስዱም። ከዚህ ያለፈ የሚያውቅ የለም። እንዳይኖርም እትዬ ሣህሊቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጠንቅቀዋል።

ያቺ ድስት ግን አላስቻለቻቸውም። ብድግ ብለው እርሳሱን ከዶርካስ እጅ ነጠቁ።

"ዓይንሽን ጨፍኚ።"

"እንዴ! ምን ሆኑ እትዬ?"

"ጨፍኚ አልኩሽ።" ከመደርደሪያው እውነተኛ ድስት አውርደው አስታቀፏት። "ዳብሺው። መቀመጫውን፣ ሆዱን፣ አፉን፣ ጆሮውን። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ልብ ደግሞ የሚያየው በእጅ ነው። እጅሽ ሲጠግብ ያን ጊዜ ትሥያለሽ። እስከዚያ እርሳስ የለም።"

ዶርካስ እየሳቀች ዳበሰች። ዓይኗን ስትገልጥ እርሳሱን መለሱላት። እጇ በካርቶኑ ላይ አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ድስቱ ወጣ። ሆድ ያለው፣ እሳት ላይ ቢጥዱት የሚቀመጥ ድስት። ዶርካስ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እትዬ ሣህሊቱንም፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ደስ አላቸው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

"ማድሞዜል?" አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ዞሩ። ግማሽ ኪሎ በርበሬ በእጁ ይዞ የቆመ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ሽበት የወረሰው ሰው ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ማድሞዜል ሣህሊቱ? እኔ ሁዘይፋ ነኝ። ጅቡቲ… ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ መጋዘኑ ውስጥ… ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።"

እትዬ ሣህሊቱ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዙ። ሰውየውን አውቀውታል። ስልሳ ሰባት ዓመት ቢሞላው፣ መነጽር ቢያደርግ፣ ያ አገጭ ያው አገጭ ነው።

"ተሳስተሃል ልጄ" አሉት። "ጅቡቲን አላውቃትም።"

ነጠላቸውን እወንበሩ ላይ ጥለው ወጡ። ሁለት ሕንጻ አልፈው ካለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ገቡና በማሽኖቹ መካከል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። እየሩስ እስክትመጣ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።

*

እውነቱን እንነጋገር። እትዬ ሣህሊቱ እየሩስን አልወለዷትም።

የተወለዱት ድሬዳዋ ነው። አባታቸው የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበሩ። በሃያ ዓመታቸው በዚያው ባቡር ወርደው ጅቡቲ ገቡ። አገሩ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነው። ማዳም ኦዴት የምትባል የአንድ ሹም ሚስት ለሹማምንቱ ልጆች ሥዕል ታስተምር ነበርና፣ ብሩሽ እንዲያጥቡላትና ወለል እንዲጠርጉላት ቀጠረቻቸው። ሣህሊቱ እየጠረጉ አዩ፤ እያዩ ለመዱ። ዓመት ሳይሞላ "ለአገሬው ልጆችስ ማን ያስተምራል?" ብለው ጠየቁ። ሹሞቹ ሳቁ። የአህያና የግመል ነጂ ልጆች ሥዕል ተምረው ምን ሊሆኑ! ሲስቁ ሲስቁ ሰለቻቸውና ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለውን ባዶ የጭነት መጋዘን ሰጧቸው።

በዚያ አገር ለአገሬው ልጆች የሥዕል ክፍል ሲከፈት ያ የመጀመሪያው ነበር። ወረቀት የለም፤ የአባታቸው ባልደረቦች አገልግሎቱ ያለቀ የጭነት ደረሰኝ ይልኩላቸዋል፣ ልጆቹ በጀርባው ይሥሉበታል። እርሳስ የለም፤ ከሰል አለ። የፈረንሳዮቹ ተቆጣጣሪ መጥቶ እንዲገለብጡት የፖም ሥዕልና በረዶ የተከመረበት ቤት ሰጣቸው። ልጆቹ ፖም ቀምሰው አያውቁ፣ በረዶ ዳብሰው አያውቁ! ሣህሊቱ የተቆጣጣሪውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅለው ትተውት፣ ልጆቹን ዓይናቸውን አስጨፍነው የጨው ድንጋይ፣ የፍየል ጆሮ፣ የዓሣ አጥንት፣ የመርከብ ገመድ ያስዳብሷቸው ጀመር። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑ፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ሁሉም አንድ ወለል ላይ ተንጋግቶ ይሥላል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አስተማሩ።

መካከል ላይ ፈረንሳዮች ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠሯት። ልጆች እጃቸው የነካውን ነውና የሚሥሉት፣ ሽቦውን ሣሉት። አንድ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሁዘይፋ የሚባል ልጅ ደግሞ ሽቦውን ብቻ ሳይሆን ከሽቦው ጀርባ የቆመውን ወታደር ጨመረበት። ወሬው ተሰማና መጋዘኑ ይፈተሻል ተባለ። ሣህሊቱ ፈሩ። የሥዕሎቹን ክምርና የመገኘት መዝገቡን ተሸክመው ሄደው ማዳም ኦዴት ሻንጣ ውስጥ ደበቁት፤ የሹም ሚስት ሻንጣ ማን ይፈትሻል! አንድም ሥዕል ላይ የራሳቸውን ስም አልጻፉም። ከዚያ ወዲህም የየዓመቱን ሥዕልና መዝገብ እዚያው ይጨምሩ ነበር፤ ማዳም ኦዴት በመጨረሻ አገሯ ስትገባ ሻንጣዋን እንዳለ ይዛው ሄደች።

የፈረንሳይ ባንዲራ በወረደበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1977፣ አዲስ አበባ ያለችው እህታቸው ሠናይት ሞተች። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ አባት የላትም። ሣህሊቱ መጋዘኑን ቆልፈው፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥተው፣ ባቡር ተሳፈሩ። ጊዜው ደርግ ነው፤ ከፈረንጅ ጋር ኖርኩ ማለት ራሱ ያስጠይቃል። ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም አሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥረው እየሩስን አሳደጉ። እየሩስም እማዬ አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ልጅ አላስተማሩም፣ አንድ መሥመር አልሣሉም።

ልጅቱ አደገች፤ ዲቪ ደረሳት፤ አሜሪካ ገባች፤ ዜግነት አገኘች። እናቷን ልታመጣ ቅጽ ስትሞላ፣ ቅጹ "እናት" የሚል ቦታ አለው። "አክስት" የሚል የለውም፤ አክስት አታስመጣም ይላል ሕጉ። "ያሳደገ" የሚልም የለውም። እየሩስ ሣህሊቱ ብላ ጻፈች፤ ብዙም አላመነታችም። ቀበሌ ሦስት ምስክር ፈለገ፤ ሦስት ጎረቤት ቀርቦ "ወልዳለች" ብሎ ማለ። ከሦስቱ አንዱም ዋሸሁ አላለም። "ከዚህ ወዲያ መውለድ ምን አለ!" ነው ያሉት። ቆንስላው ዘንድ ሲቀርቡ ሣህሊቱ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ፤ ሆስፒታሉን፣ ቀኑን፣ ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ሳይቀር ተናገሩ። ያ ቀን፣ እየሩስ የተወለደችበት ቀን፣ እሳቸው ጅቡቲ መጋዘኑ ውስጥ የዓሣ አጥንት እያስዳበሱ ነበር። መዝገቡ ላይ ፈርመዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እትዬ ሣህሊቱ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠብቁት መፈታቱን ነው። ሰው ሁሉ ዜጋ ሲሆን እሳቸው አልሆኑም፤ ዜግነት ቢጠይቁ ፋይሉ ይከፈታል። የግሪን ካርዱ ጊዜ ሲያልቅ የፖስታ ሣጥኑን በቀን ሦስት ጊዜ ይከፍታሉ። በዚህ በጋ ደግሞ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ከመኪና ማጠቢያና ከአውቶቡስ ፌርማታ ሰው አፍሰው ሄዱ ከተባለ ወዲህ፣ በር ሲንኳኳ መጸዳጃ ቤት ይገባሉ። ለራሳቸው አይደለም። በሰማንያ ሁለት ዓመት ሰው የት ቢወስዱት ምን ቀረው? ቅጹ ላይ የፈረመችው ግን እየሩስ ናት።

*

በሳምንቱ ነጠላቸውን ሊወስዱ ወደ ሱቁ ሲገቡ፣ ዶርካስ ወረቀት ይዛ ጠበቀቻቸው።

"እትዬ፣ ያ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ! ጋሽ ሁዘይፋ ይባላል። ቶራንስ ነው የሚኖረው፣ ሪታየርድ ኢንጂነር ነው። እናቱ የድሬዳዋ ልጅ ስለነበረች አማርኛውን ቢሰሙት! ሶ፣ እሱና ጓደኞቹ ሕፃን ሆነው የሣሉት ሥዕል ፈረንሳይ አገር ሻንጣ ውስጥ ተገኝቷል። በሚቀጥለው ወር እዚሁ ፌርፋክስ አዳራሽ ውስጥ ሊያሳዩት ነው። አስተማሪውን ነው የሚፈልገው፤ እርስዎ መስለውታል።"

እትዬ ሣህሊቱ ወረቀቱን ተቀበሉ። የመዝገቡ አንድ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ታትሟል፤ ከግርጌው ፊርማቸው አለ። ጅራቷን ወደ ላይ ያቆመች የገዛ እጃቸው ፊርማ።

"ምን አልሽው?" አሉ።

"እኔማ፣ 'የምትፈልጋት ሴት ልጅ አላት?' አልኩት። 'የላትም፣ አላገባችም፣ ማድሞዜል የምንላት ለዚያ ነው' አለኝ። 'እንግዲያ ተሳስተሃል፣ የኛ እትዬ እማ እየሩስን የመሰለች ነርስ የወለዱ ናቸው' አልኩት።" ዶርካስ በዚህ ኮራች። "ጥሩ አላልኩም?"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተራርቀው የኖሩት ሁለቱ ታሪኮች በአንዲት ባለሱቅ አፍ ውስጥ ተገናኙ። ዶርካስ ክፉ አይደለችም፤ ግን ዛሬ የሰማችውን ነገ ለገዢ ትነግራለች፤ ገዢው ደግሞ ከነገ ወዲያ ለማን እንደሚነግር ማን ያውቃል?

ያን ቀን እየሩስ ከሥራ እንደገባች ወረቀቱን አሳዩዋት። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ቆማ አነበበችው። ስታነብ ከንፈሯ ነጣ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ያህል ያውቃል?"

"እኔን ያውቃል። አንቺን አያውቅም።"

"እማዬ፣ መዝገቡ እኮ ዴት አለው! እኔ የተወለድኩበት ቀን አንቺ ክላስ ውስጥ ነሽ። ባዮግራፊሽን ኢንተርኔት ላይ ቢለጥፈው፣ አንዱ ምቀኛ ቢያይ…" ወረቀቱን አጠፈችው። "አንቺን ዲፖርት ቢያደርጉሽስ? እኔስ? በመሐላ ነው የፈረምኩት። ላይሰንሴ አለ፣ ሥራዬ አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ፌርፋክስ አትሄጂም ከእንግዲህ። በቃ። ከቤት አትወጪም።"

"ባልሄድ ነው የሚጠረጥሩት" አሉ እትዬ ሣህሊቱ።

እየሩስ ሶፋው ላይ ወደቀችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሰው ሕመም ሲያይ የማይደነግጥ ዓይን አላት። አሁን ግን እንደ ልጅነቷ ነው ያለቀሰችው፣ ትከሻዋ እየዘለለ። እትዬ ሣህሊቱ አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባዋን አሹ። እሳቸው አላለቀሱም። ፍርሃታቸው ከእንባ ያለፈ ነበር።

"እኔው እነግረዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እንደሱ ያለውን ልጅ ውሸት አያቆመውም። ገና በዘጠኝ ዓመቱ 'ለምን?' ማለት የማይሰለቸው ነበር።"

*

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ እወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ደውለውለት፣ ሁዘይፋ መኪናውን ከሱቆቹ ጀርባ ፓርክ አድርጎ ጠበቃቸው። በሩን ከፍቶ አስገባቸው፤ ቀበቶአቸውን ራሱ አሰረላቸው። እትዬ ሣህሊቱ መስኮቱ እንዲዘጋ ጠየቁ። ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ። አንዲት ሴት የገበያ ጋሪ እየገፋች አለፈች። እስክትርቅ ጠበቁ።

"አዎን፣ እኔ ነኝ" አሉት።

ሰውየው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የልጅ ልጆች አሉት። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እትዬ ሣህሊቱ ለማባበል ጊዜ አልነበራቸውም። ሁሉንም ነገሩት፦ ሠናይትን፣ ሦስቱን ምስክሮች፣ ያነሡትን ቀኝ እጅ።

"ስሜን አታንሣ" አሉ። "ለምኜሃለሁ።"

ሁዘይፋ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ማድሞዜል፣ እኔ ባላነሣ ሌላ ስም ይነሣል። የሥዕል ትርኢቱ ካታሎግ ሰኞ ፕሪንት ይሆናል። ሻንጣው የተገኘው ከማዳም ኦዴት ቤት ነው፤ የልጅ ልጆቿ ደግሞ የሷ ሥራ ነው ብለው አምነዋል። ፎቶዋ ሥር 'ለአገሬው ልጆች ሥዕል ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት' የሚል ተጽፏል። እመዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው ብላቸው 'የረዳቷ ይሆናል' አሉኝ። ሴትዮዋ እኮ ያን መጋዘን በእግሯ ረግጣው አታውቅም!"

"ትጻፍ።"

"አልችልም።"

"ልጄን ይወስዱብኛል፣ ሁዘይፋ።"

ሁዘይፋ ስልኩን አውጥቶ አንድ ሥዕል አሳያቸው። የቢጫ ደረሰኝ ጀርባ ነው። ከሰሉ ደብዝዟል፤ ሽቦው ግን አልደበዘዘም፤ እያንዳንዷ እሾህ የዳበሳት ጣት እንደደማ ትናገራለች። እትዬ ሣህሊቱ ሊነኩት ጣታቸውን ዘረጉና መለሱት። ያን ለታ ለልጁ ጣቱን በጨርቅ የጠቀለሉለት እሳቸው ናቸው። ያማረ ሥራ ነበር። በሕይወታቸው የሠሩት ያማረ ነገር ያ ነበር፣ እሱና እየሩስ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ የተባሉ መሰላቸው፤ መምረጡ አላስቸገራቸውም፤ ግን አመማቸው።

"ውሰደው" አሉ። "አይቻለሁ።"

"እንግዲያውስ ለእኔ ይተዉት" አለ ሁዘይፋ። "ስሙንም አልጥልም፤ እርስዎንም አላስነካም።"

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ለእኔ ይተዉት፣ ማድሞዜል።"

ከዚህ ሌላ አልተናገረም። እትዬ ሣህሊቱ ከመኪናው ሲወርዱ ከገቡበት ይልቅ ፈርተው ነበር። ደግ ሰው ከክፉ ሰው የበለጠ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ክፉውንስ ትሸሸዋለህ።

*

ዶርካስ ለዝግጅቱ ምግብ አቅራቢ ሆናለች፤ "እትዬ ካልመጡ እኔም አልሄድ" ብላ ምላለች። ስለዚህ በወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እትዬ ሣህሊቱ እና እየሩስ አዳራሹ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እየሩስ እጃቸውን ጨብጣለች፤ ላቧ ይሰማቸዋል።

ግድግዳው ዙሪያውን ሥዕል ነው። የፍየል ጆሮ፣ የጨው ድንጋይ፣ ገመድ፣ ሽቦ። እትዬ ሣህሊቱ ቀና ብለው አላዩም። እያንዳንዱን የማን እጅ እንደሠራው ያውቃሉ፤ ሲያዩ ፊታቸው ቢናገርባቸውስ? አንድ ጎረምሳ በሰሌዳ ላይ ወረቀት ይዞ በመደዳው እየዞረ ስም ይጽፋል። የእሳቸው ወንበር ጋ ሲደርስ ደማቸው ቀጥ አለ። ኢሜይል ነበር የሚሰበስበው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ልባቸው እስኪመለስ ድረስ ሁለት ተናጋሪ አለፈ።

ሁዘይፋ ወጣ። ሱፍ ለብሷል። ማይኩን ያዘ።

"ካታሎጉ ላይ የማዳም ኦዴት ስም ሊወጣ ነበር" አለ። "አስቀርተነዋል። እኛን ያስተማረችን እሷ አይደለችም። ሻንጣው ነው የሷ። እኛን ያስተማረችን የድሬዳዋ ልጅ ናት። ስሟ ሣህሊቱ ይባላል።"

የእየሩስ ጥፍር መዳፋቸው ውስጥ ገባ። ከፊት ያሉ ሁለት ሦስት ራሶች ዞሩ። ዶርካስ ከምግቡ ጠረጴዛ ኋላ ሆና ዓይኗን አፍጥጣ አየቻቸው። እትዬ ሣህሊቱ በሩን አዩት። ሦስት እርምጃ ነው። ግን አልተነሡም።

"ሰሞኑን እዚሁ መንገድ ላይ አንዲት እናት አይቼ እሷ መሰለችኝ" ቀጠለ ሁዘይፋ። ወደ እሳቸው አላየም፤ የሚያየው ጣሪያውን ነው። "ጮኬ ጠራኋት፣ አስደነገጥኳት፤ ይቅርታ ታድርግልኝ። ተሳስቼ ነበር። ከዚያ ጅቡቲ ደውዬ አረጋገጥኩ። መምህራችን የፈረንሳይ ባንዲራ በወረደበት ዓመት፣ በ1977፣ ዐርፋለች። ባል አልነበራት፣ ልጅ አልነበራት። እኛ ነበርን ልጆቿ።"

አንዲት አሮጊት "ወይኔ" አሉ።

"ለማድሞዜል ሣህሊቱ አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ፣ እባካችሁ ተነሡ።"

ሰው ሁሉ ተነሣ። ወንበር ተንኳኳ፣ ጸጥ አለ። እየሩስ ብብታቸውን ደግፋ አነሣቻቸው። እትዬ ሣህሊቱ ከሌላው ሰው ጋር አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ማንን እንደሚያስቡ መጀመሪያ አላወቁም። በኋላ አንዲት ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት ሴት መጣችባቸው፤ እጇ በከሰል የጠቆረ፣ ወለል ላይ ከልጆች መካከል ተንበርክካ የምትስቅ። እውነትም በዚያ ዓመት ነው የሞተችው። ባቡር ላይ የተሳፈረችው ሌላ ሴት ናት። እስከዛሬ ግን ማንም አልቀበራትም፣ ማንም አላለቀሰላትም፤ እሳቸው ራሳቸውም እንኳ።

አንድ ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል ብለው አስበው አያውቁም።

"ነፍስ ይማር" አለ ሰዉ ሲቀመጥ።

"ነፍስ ይማር" አሉ እትዬ ሣህሊቱም።

ዶርካስ እየሮጠች መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "ሞክሼዎ ናት ለካ እትዬ! እኔ ደግሞ እርስዎ ነዎት ብዬ… በሉ ይነሡ፣ እናጽናናው፤ ሰው ሁሉ እየሄደ ነው።"

እውነቷን ነው። የኛ ሰው ለሃምሳ ዓመት መርዶ እንኳን ቢሆን ለቅሶ ሳይደርስ አይቀመጥም፤ ከመድረኩ ሥር ረዥም ሰልፍ ተሠርቷል። አንድ በአንድ የሁዘይፋን እጅ ይጨብጣሉ፣ ትከሻውን ይነካሉ፣ ያልፋሉ። መቅረት ራሱ ያሳብቃል። እትዬ ሣህሊቱ በዶርካስ ክንድ ተደግፈው ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ግራና ቀኛቸው የተሰቀሉት ሥዕሎች ናቸው፤ አሁን ቀና ብለው አዩዋቸው። እንግዳ ሰው ሥዕል ቢያይ ማን ምን ይላል? የፍየሏ ጆሮ የዛህራ ነበረ። የጨው ድንጋዩ የዚያ የኮልታፋው ልጅ። ከየሥዕሉ ግርጌ በትልቁ ተጽፏል፦ መምህርት ሣህሊቱ፤ ያረፈችበትም ዓመት ከጎኑ ነበር።

ተራቸው ደረሰ። ሁዘይፋ ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ዶርካስ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች።

"ደኅና አስተማሪ ነበረች?" አሉት።

"እናቴ፣ እንደሷ ያለ አላየሁም" አለ።

እትዬ ሣህሊቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚሉት ብዙ ነበራቸው፤ የሚባለው ግን አንድ ብቻ ነው።

"እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ።"

"አሜን" አለ ሁዘይፋ። እጃቸውን መልቀቅ አቃተው። ከኋላቸው ሰው ተራ ይጠብቅ ስለነበር፣ እትዬ ሣህሊቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈትተው አለፉ።